የመድኃኒት ዘርን የሚያውቀው ማን ነው? ለ«ዲኤንኤ ይበቃናል» ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ መድኃኒት ተክሎች ዘር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። የላኩልኝ ሁሉ «ምን ትላለህ?» ነው የሚሉት። ያላነበባችሁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ከደብረ ብርሃን ገበያ ጥቂት ዘሮች ገዝተው ለዲኤንኤ ምርመራ ወደ ውጭ አገር ላኩ። የመጣው ውጤት ሻጮቹ ከነገሯቸው ስም ጋር አልገጠመም። ከዚያ ተነስተው ብዙ ነገር ይላሉ። ዲኤንኤ አይሳሳትም ይላሉ። ዲኤንኤ ካለ የኬሚካል ምርመራ ያረጀ ነገር ነው ይላሉ። የገበያ ሴቶችና የባህል ሐኪሞች ዕውቀት ግምት ነው፣ ስለዚህ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ የሌለው የመድኃኒት ዘር ከሰሜን ሸዋ ገበያዎች ይውጣ ይላሉ። ምርመራው ርካሽ ሆኗል፣ ናሙና ወደ ውጭ መላክም ምንም ክፋት የለውም ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በፌስታል የታሰረ ዱቄት ፊት ዐዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ዝም ማለት አለበት። የዘሩ ቅርጽ ጠፍቷል፣ ሽታውም ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ያለ ላቦራቶሪ ለይቶ መናገር አይቻልም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የማንስማማው ከዚህ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛን አዋጅ ሳይጨምር።)

«ዲኤንኤ አይሳሳትም» ከሚለው ልጀምር። ዲኤንኤው ባይሳሳትም አንባቢው ይሳሳታል። በዚህ ዓይነት ምርመራ የተክሉ ሙሉ ዘረመል አይነበብም። ባርኮድ የሚባል አጭር ቁራጭ ነው የሚነበበው። በ2009 የዓለም የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቡድን አርቢሲኤል እና ማትኬ የተባሉ ሁለት ቁራጮች ለተክል ባርኮድ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። እነዚያው ተመራማሪዎች በዚያው ጽሑፋቸው ሁለቱ ቁራጮች አንድ ላይ ሆነው ከፈተሿቸው ዝርያዎች 72 በመቶውን ብቻ እንደለዩ ጽፈዋል። የቀሩት ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር ተዳብለው ቀሩ። ለመድኃኒት ተክሎች አይቲኤስ 2 የሚባል ሌላ ቁራጭ በኋላ ተጨምሮ ነገሩ ተሻሽሏል። መቶ በመቶ ግን አልሆነም።

ሌላም አለ። አርቢሲኤልና ማትኬ ያሉት ክሎሮፕላስት በሚባለው፣ ቅጠልን አረንጓዴ በሚያደርገው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ነው። ክሎሮፕላስት ደግሞ በአብዛኛው ተክል ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘ ዘር ቢኖር ምርመራው እናቱን ይነግርሃል፣ ስለ አባቱ ግን ዝም ይላል። የዘሩ ሽፋን የእናት ተክል አካል ነው። ውስጡ ያለው ፅንስ ግን የሁለቱም ነው። ከየትኛው ክፍል ናሙና እንደተወሰደ ያልተጻፈበት ውጤት ጎደሎ ነው። ጸሐፊው ይህን የትም ቦታ አላነሱትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ማመሳከሪያው ነው። የተነበበው ቁራጭ በራሱ ስም የለውም። ስም የሚያገኘው ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር ሲመሳከር ነው። ፖሊስ የጣት አሻራ አንስቶ በመዝገቡ ውስጥ የባለቤቱ አሻራ ከሌለ ምን ያደርጋል? እዚህም ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» ከማለት ይልቅ በጣም የሚቀርበውን ዘመድ አውጥቶ መስጠቱ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲያልቅ 8 ቅጽ ሆኗል። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ዝርያ ይዟል። የደረቁት ናሙናዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቀምጠዋል። የእነዚህ ሁሉ ባርኮድ ግን ተነብቦ አልተመዘገበም።

እስቲ እንኮቆን እንውሰድ። ለኮሶ ትል የሚጠጣው እንኮቆ ሕንድ አገር የቅርብ ዘመድ አለው፤ እዚያም መድኃኒት ነው። የእኛ እንኮቆ በመዝገቡ ውስጥ ከሌለ ኮምፒውተሩ የሕንዱን ዘመዱን ስም ያወጣል። ወረቀቱ ላይ የሕንድ ተክል ስም ያየ ሰው «ሻጯ ዋሸች» ይላል። ሻጯ ግን አልዋሸችም፤ መዝገቡ ነው ያልሞላው። ጸሐፊው «አልገጠመም» ሲሉ ከምኑ ጋር ተመሳክሮ፣ በስንት በመቶ ተቀራርቦ እንደሆነ አልነገሩንም። ያለዚያ «አልገጠመም» ማለት ብዙ ነገር ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ኬሚካሉ ልምጣ፣ እኔን በጣም ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የኬሚካል ምርመራ ዲኤንኤ ከመምጣቱ በፊት የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ነገር አድርገው ያቀርቡታል። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ እኮ የተለያየ ነው። ዲኤንኤ «የማን ዘር ነህ?» ይላል። ኬሚካል «ምን ይዘሃል?» ይላል። በሽተኛውን የሚያድነውም የሚገድለውም ሁለተኛው ነው።

እንዶድን ተመልከቱ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቀንድ አውጣ ሬሳ ተንሳፎ አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ሥራ አንዱ የእንዶድ ዓይነት ከሌላው በጣም እንደሚበረታ ታወቀ። ተመርጦ የወጣውም ዓይነት 44 የሚባለው ነው። በ1989 አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ኃይለኛውንም ደካማውንም እንዶድ ለባርኮድ ብትሰጡት ለሁለቱም «እንዶድ» ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው፣ ሁለቱም እንዶድ ናቸው። ሳይቀላ አረንጓዴ ሳለ የተለቀመው ፍሬ ከቀላው ይበልጥ እንደሚሠራም ባርኮዱ አይነግራችሁም። ይህን የሚነግረን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው፣ ሳፖኒን የተባለው በውስጡ ያለ ነገር ሲለካ ነው።

መርዝ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ2019 ኡጋንዳ፣ ካራሞጃ ውስጥ የእርዳታ ምግብ የበሉ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ። 5 ሰዎች ሞቱ። ምግቡ ሲመረመር አትሮፒንና ስኮፖላሚን ተገኘበት። ሁለቱም የአስተናግር መርዞች ናቸው። አስተናግር (አጤ ፋሪስም ይሉታል) እሾሃም ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ ጠፍጣፋ፣ እንደ ኩላሊት የጎበጠ ጥቁር ዘር ይበትናል። ቆላ ወርዳችሁ ቀወት ወይም ኤፍራታና ግድም የማሽላና የማሾ ማሳ ዳር ብትቆሙ የማታገኙት አይመስለኝም። ከእህል ጋር ከታጨደና ከተፈጨ በኋላ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይቀባዣል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ሆድ ውስጥ የገባው ምን መርዝ እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ነው። መጠንን የሚሰጠው ኬሚካል ነው። የዲኤንኤ ምርመራ እጅግ ጥቂቱንም ነገር ስለሚይዝ ከአንድ ብናኝም «አስተናግር አለ» ሊል ይችላል። መጋዘኑ ውስጥ አቧራው ነበረ ማለት ነው ወይስ ኩንታሉ ተበክሏል ማለት ነው? እሱን አይለይም።

ኬሚካሉም ቢሆን አረጀ የሚባል አይደለም። በ2015 በአሜሪካ የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘርን ዝርያ በኬሚካል አሻራው መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘሩ አይፈጭም፣ በአልኮል አይዘፈዘፍም። ለሁለት ተከፍሎ በጋለ የጋዝ ፍሰት ፊት ይያዛል። መሣሪያው የወጡትን ሞለኪውሎች በሰከንዶች ይመዝናል። ከፈተሿቸው ዘሮች መካከል የአስተናግር ወገን የሆኑት ይገኙበታል።

ለማመዛዘን ያህል የኬሚካሉንም ድክመት ልናገር። እንኮቆ ውስጥ ኤምቤሊን የሚባል ብርቱካናማ ነገር አለ። አሞንያ ሲነካው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። በማንኛውም የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሊታይ የሚችል ቆንጆ ምርመራ ነው። ግን ቀጨሞም ኤምቤሊን አለው! ቀጨሞ የደጋ ቁጥቋጦ ነው፤ ክብ ትንንሽ ፍሬው ለዚያው ለኮሶ ትል ይታዘዛል። ሁለቱም ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጧችኋል። እዚህ ላይ የሚለያቸው ዲኤንኤ ነው። ከዚህ ሌላ ኬሚካል በቦታና በጊዜ ይለዋወጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። አንድ ዓይነት ዘር በሁለቱ ቦታ በቅሎ እኩል ዘይት ላይዝ ይችላል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጥቁር አዝሙድም ሽታው ይበንናል፣ አዝሙድነቱን ግን አያጣም። ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ትርፉ ኪሳራ ነው።

ዲኤንኤው ራሱ ሳይገኝ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። በ2015 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 4 ትልልቅ ቸርቻሪዎች የሚሸጧቸውን የዕፅዋት ክኒኖች በባርኮድ አስመረመረ። ስያሜው ላይ የተጻፈው ተክል ዲኤንኤ የተገኘው ከምርመራዎቹ በ21 በመቶው ብቻ ነበር። አገር ጉድ አለ። ወዲያው የዘርፉ ባለሙያዎች ተነሱ። ተክሉ ተጨምቆና ተጣርቶ ክኒን ሲሆን ዲኤንኤው ይበጣጠሳል ወይም ጭራሹን ይጠፋል፤ የዲኤንኤ አለመገኘት የተክሉ አለመኖር ማስረጃ አይሆንም አሉ። ክርክሩ ምርመራው ለዚያ ዓይነት ምርት ጨርሶ ይመጥናል ወይ የሚል ሆነ። የእኛም አገር አብሽ ተቆልቶ ነው የሚፈጨው። ጸሐፊው ከገዟቸው ዘሮች ውስጥ የተቆላ ወይም የተፈጨ ነበረበት? አልጻፉትም።

ጥሬውም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፌጦን ውሃ ጠብ አድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እያንዳንዷ ቀይ ፍሬ ግልጽ የሆነ ልጋግ ትለብሳለች፣ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ ከጣታችሁ አይላቀቁም። ተልባና አብሽም የዚሁ ወገን ናቸው። ይህ ልጋግ የመርማሪውን ቀጭን ቱቦ ይደፍናል፣ ዲኤንኤውንም ይዞ ይቀራል። ቅባቱና ቀለሙ ሲጨመርበት ዲኤንኤውን ለንባብ የሚያባዛው ኬሚካል ሥራውን ያቆማል። መፍትሔው ይታወቃል፣ የማጣሪያ ዘዴዎች አሉ። ግን ለየዘሩ ማስተካከል ይፈልጋል። ለአንዱ የሠራው ለሌላው አይሠራም።

ወደ ገበያ ሴቶቹ ልሂድ። ጸሐፊው የእነሱን ዕውቀት «ግምት» ብለውታል። አዝሙድ የሚሸጡ አንዲት እናት ጥቁር አዝሙድ ሲቀበሉ የሚያደርጉትን አይቻለሁ። ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ ያሻሉ። እፍ ብለው ገለባውን ያበራሉ። ያሸታሉ። አንዷን በፊት ጥርሳቸው ሰበር አድርገው ጫፍ ምላሳቸው ላይ ያቆያሉ። «ይኼ ሽንኩርት ነው ልጄ፣ መልሰው» አሉ ያመጣውን ልጅ። የሽንኩርት ዘርም ጥቁር ነው፣ መጠኑም ይቀራረባል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን የሽንኩርቱ የተጨማደደ፣ በአንድ ወገኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አዝሙዱ ሦስት ማዕዘን አለው፣ ፊቱ ሻካራ ነው፣ ሲታሽ ደግሞ ይሰነፍጣል። ከዚያ ሽታ ውስጥ አንዱ ታይሞኪኖን የሚባለው ነው። እማማ ስሙን አያውቁትም እንጂ አፍንጫቸው የኬሚካል ምርመራ እያደረገ ነው። ነጭ አዝሙድንም እንዲሁ። እሱን የሚያሳውቀው ቲሞል የአፍ ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው ያው ሽታ ነው።

አፍንጫ ወሰን እንዳለው አልክድም። የሽንኩርት ዘር ውድ ነው። ጤነኛ ነጋዴ እሱን አዝሙድ ብሎ አይሸጥም። ሊሸጥ የሚችለው ጊዜው አልፎበት የማይበቅለውን ነው፤ የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የመብቀል አቅሙ ይደክማል። ለመዝራት የተዘጋጀ ዘር ብዙ ጊዜ በፈንገስ መከላከያ መድኃኒት የታሸ ነው። አዝሙድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘር ቢቀላቀል የእማማ ምላስ ሽንኩርቱን ያገኘዋል፣ መርዙን ግን ላያገኘው ይችላል። ዲኤንኤም «ሽንኩርት» ብሎ ያቆማል፣ የተቀባውን ነገር አያየውም። የሚያየው ያ «ጡረታ ወጣ» የተባለው የኬሚካል ምርመራ ነው። እንግዲህ ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ለሦስቱም ደግሞ መነሻቸው ተክሉን በቁሙ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ስል ለወግ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ ለሰው ሕመም የሚያገለግሉ 151 የመድኃኒት ተክሎችን መዝግቧል። እንዴት ተመዘገቡ? ተመራማሪዎቹ የአካባቢውን ሰዎች ጠይቀው፣ ተክሉን ከበቀለበት ሰብስበው፣ አድርቀው፣ ስሙን በሄርባሪየም አረጋግጠው። «ግምት» የተባለው ዕውቀት ነው መዝገቡን የከፈተው። ላቦራቶሪ የሚያመሳክርበት ዘር የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ዐዋቂው ተክሉን ያሳያል። ቅጠሉና አበባው ይጨመቃል። ዘሩ ከዚያው ግንድ ይለቀማል። ቦታውና ከፍታው ይጻፋል። ከዚያ ግማሹ ለዲኤንኤ፣ ግማሹ ለኬሚካል ይሄዳል። ለሰሜን ሸዋ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ይህ ስብስብ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የግብርና ምርምር ማዕከልም አላት። አዲስ አበባ ያለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክም ከ1976 ጀምሮ ዘር ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ ብዙው ግን የእህልና የጥራጥሬ ነው።

ስለዚህ «ማረጋገጫ የሌለው ይውጣ» የሚለውን አልቀበልም። የሚያመሳክሩበት ስብስብ ሳይኖር የሚሰጥ ማረጋገጫ ምን ያረጋግጣል? ደግሞስ አብሽ፣ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ከመድኃኒትነታቸው በፊት የጓዳ ዕቃ ናቸው። በስኒ እየሰፈረች የምትሸጥ ሴት ከየት አምጥታ ነው የላቦራቶሪ ወረቀት የምትለጥፈው? ወረቀቱን የሚያገኘው ዱቄት አሽጎ ማኅተም የሚመታበት ነጋዴ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው የሚፈሩት ደግሞ ዱቄቱን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደል?

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። በኪስ የምትገባ የዲኤንኤ ማንበቢያ መኖሯ እውነት ነው። ማንበቢያዋ ግን ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ኬሚካል ትፈልጋለች፣ የሠለጠነ እጅ ትፈልጋለች፣ የማይቆራረጥ መብራት ትፈልጋለች። ሁለተኛው ቢሞላ ሦስተኛውን እናውቀዋለን።

የመጨረሻው ነጥባቸው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ናሙና ወደ ውጭ መላክ «ምንም ክፋት የለውም» ብለዋል። አገሪቱ በዚህ ላይ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ማግኘትና መጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ዘር በፖስታ መላክ በርበሬ ለዘመድ እንደመላክ አይደለም። ጤፍ ያሳየንን ረሳነው? አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ኖረ። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። የዲኤንኤ ንባብ ደግሞ ከዘርም ይብሳል። አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም። ከእንዲህ ዓይነቱ መረጃ የሚያተርፉ ድርጅቶች ገንዘብ እንዲያዋጡበት በ2024 ኮሎምቢያ፣ ካሊ ላይ አንድ ፈንድ ተቋቁሟል። መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ነው። የአንኮበር ወይም የመንዝ ዐዋቂ ተክሉን ለማሳየት ቢያቅማማ፣ ጸሐፊው እንዳሉት «ምስጢር ወዳድ» ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ምን እንደሚደርሰው አልተነገረውም።

ጸሐፊውን የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የላኳቸውን ዘሮች ዝርዝር ያውጡልን። ጥሬ ነበሩ ወይስ የተቆሉ? የትኛው ቁራጭ ተነበበ? ከየትኛው መዝገብ ጋር ተመሳከረ፣ በስንት በመቶስ ተቀራረበ? ከእያንዳንዱ የቀረ ዘር እጃቸው ላይ አለ? ካለ እዚሁ ዞኑ ውስጥ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ አብቦ ይታይ። አበባው ሲወጣ ሻጯንም ጠርተን አንድ ላይ እናየዋለን። የመላኪያ ፈቃዱንም ከነቁጥሩ ቢያሳዩን መልካም ነው።